በጎኑ የቆመው ሣጥን

ፍኖተ ሰላም ደርሳችሁ «ጠምጣሚዋ ቻይነሽ የት ናት?» ብትሉ፣ የባጃጁ ሾፌር ቀሪውን ሳይሰማ ሞተሩን ያስነሣል። «ቻይነሽ ስቱዲዮ» ብትሉት ግን ጭንቅላቱን ያካል። አገሩ የሚያውቃት በወፍጮ ሞተር ነው። የተቃጠለ ሞተር ከቡሬ ይመጣላታል፣ ከጅጋ ይመጣላታል፣ መኪና ከማይገባበት ቀበሌም በአህያ ተጭኖ ይመጣላታል። የጠቆረውን መዳብ ዘርግፋ፣ አዲሱን ጠምጥማ፣ ቫርኒሽ አጠጥታ ትሸኘዋለች። ዘፈን ይዞ የሚመጣላት ሰው ግን በጣት የሚቆጠር ነው።

ይህ ነገር ያበሽቃታል። ለምንስ አያበሽቃት! ከሱቋ ጀርባ ያለችውን ክፍል ግድግዳዋን ጭድ በተጠቀጠቀበት ጆንያ ለብጣ፣ ማይክና ኮምፒዩተር አስገብታ፣ በሩ ላይ «ስቱዲዮ» ብላ በቀይ ቀለም ጽፋለች። ሰዉ ደግሞ ጽሑፉን አንብቦ ሲያበቃ «ቻይነሽ፣ የውኃ ፓምፕም ትሠሪያለሽ?» ይላታል።

ጥምጠማውን ያስተማሯት አባቷ አቶ ታከለ ናቸው። ቡሬ ላይ ዕድሜያቸውን ሙሉ በየወፍጮ ቤቱ ሲሠሩ ጩኸቱ ጆሯቸውን እያደር ሸርሽሮት፣ አሁን ከልጃቸው ጋር እየኖሩ ሱቁ ደጃፍ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ጆሯቸው ቢደክምም ጣታቸው አልደከመም። እሷ የጠመጠመችው ሞተር ሲዞር መዳፋቸውን ጣል ያደርጉበትና ወይ «ጎሽ» ይላሉ፣ ወይ «ፍችው»። «ፍችው» ካሉ መፍታት ነው፤ ክርክር የለም።

ወደ ድምፅ ሥራ ያስገባት ግን አባቷ ሳይሆን ሠርግ ነው። አንድ ጥር፣ ለሠርግ የሚከራይ ሞንታርቦ፣ ያ ቁመቱ ሰው የሚያህለው ድምፅ ማጉያ፣ ተቃጥሎ መጣላት። ከፍታ ብታየው ሆዱ ውስጥ ያለው ያው የለመደችው መዳብ ነው፤ እንደ ፀጉር ይቅጠን እንጂ ጥምጥም ነው። ጠመጠመችው። ስታበራው በጣቷ የዞረው ሽቦ እንደ ሰው ዘፈነ! እስከዚያች ቀን ድረስ የጠመጠመችው ሁሉ ይጮህ ነበር እንጂ አንድም ቀን ዘፍኖላት አያውቅም። ልቧ እዚያው ቀረ።

ስቱዲዮዋ ታዲያ አንድ ክፉ ጎረቤት አለባት። ግድግዳ የሚጋራት የአቶ ገብረሰንበት ወፍጮ ቤት ነው። ወፍጮው ሲዞር የክፍሏ ወለል ይንቀጠቀጣል፤ ማይክ ከፍቶ መቅዳት አይታሰብም። ደግነቱ አቶ ገብረሰንበት ስማቸውን የሚያከብሩ ሰው ናቸው። እሑድን ብቻ ሳይሆን የወሩን ሚካኤል፣ ማርያምን፣ ባለወልድን አይፈጩም፤ ገበሬውም በበዓል እህል ጭኖ አይመጣም። ስለዚህ ቻይነሽ የምትቀዳው በበዓል ነው። «በማርያም ይሻልሻል ወይስ በባለወልድ?» ተብሎ ቀጠሮ የሚያዝበት ስቱዲዮ በዓለም ላይ ሌላ ያለ አይመስለኝም። አቶ ታከለ በበዓል ቀን ሽቦ ይዛ ሲያዩዋት ያጉረመርማሉ። እሷም «አባዬ፣ ይኼ ጨዋታ እንጂ ሥራ አይደለም» ትላቸዋለች፤ እውነቷን ነው።

ዘፈን ይዘው ከሚመጡት ጥቂቶች አንዷ ሠርክአዲስ ናት። የቋሪት ልጅ ናት። እሷ ከገበዝ ማርያም፣ ቻይነሽ ከቡሬ መጥተው ፍኖተ ሰላም ሁለተኛ ደረጃ ሲማሩ አንዲት ክፍል ተከራይተው አብረው ኖረዋል፤ በአንድ ሳሙና ታጥበዋል፣ በአንድ ጃንጥላ ክረምቱን አልፈዋል። የሠርክአዲስ ድምፅ ወፍራም ነው። ከደረቷ ሥር ተነሥቶ፣ ቸኮልኩ ሳይል፣ ሞልቶ ይመጣል። ሠርግ ላይ አፏን ስትከፍት ጀርባውን የሰጠው ሰው ሁሉ ዞሮ ያያል።

የመጀመሪያ ዘፈኗን ቀድታ፣ ድምፁን አስተካክላ የጨረሰችላት ቻይነሽ ነበረች። ጨረሰችላት ከማለት ጨረሰችባት ማለት ይቀላል። ኮምፒዩተሩ ላይ እዚህ ስትጨምር፣ እዚያ ስትጨምር፣ ማሲንቆው ይብራ፣ ከበሮው ይምታ ስትል፣ ያንን የመሰለ ድምፅ ቆርቆሮ አደረገችው። ዘፈኑ ጅጋ ላይ አንድ ሠርግ ቤት ተከፈተ። ሠርክአዲስ እዚያው ድንኳን ውስጥ ቆማ ነበር። አጠገቧ ያሉት ሴቶች፣ በየሠርጉ ስንት ጊዜ ያስጨፈረቻቸው ሴቶች፣ «ይች ቀጭኗ ማናት? የአዲስ አበባ ልጅ ናት መሰል» ተባባሉ። ሠርክአዲስ ሣቀችና አለፈችው። ከዚያ ወዲያ ግን ለቻይነሽ ዘፈን ሰጥታት አታውቅም።

ዘንድሮ አዲስ ዘፈን አወጣች። ወዳጅነት ነውና በባለወልድ ቀን መጥታ እዚሁ ተቀዳች። ስትወጣ ግን ዐይኗን መሬት መሬት እያሳየች፣

«መጨረሻውን ባሕር ዳር ላሠራው ነው፤ አይክፋሽ» አለቻት።

«ምን ይከፋኛል» አለች ቻይነሽ።

ከፍቷት ነበር። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይኼ አይደል? ዘፋኟ እዚህ፣ ማሲንቆው እዚህ፣ ስቱዲዮው እዚህ፤ ዘፈኑ ግን ባሕር ዳር ሄዶ ሊያልቅ።

«አንድ ጊዜ ብቻ ስሚኝ» አለቻት እጇን ይዛ። «በገበያ ቀን ወደ ባሕር ዳር ስታልፊ እዚህ ውረጅና የሠራሁትን ስሚ። ድምፅሽን ካጣሽው ራሴ መኪናው ላይ እጭንሻለሁ። ከዚያ ወዲያም ያንን በር ዘግቼ ሞተሬን እጠመጥማለሁ።»

ሠርክአዲስ የጓደኛዋን ፊት አየች። ቀልድ አልነበረም። «እሽ» አለች።

ቻይነሽ ይህን ያህል የደፈረችው በባዶ እጇ አልነበረም። ሰሞኑን ስልኳ ላይ የድምፅ ባለሙያዎችን ስትከታተል አንድ የጥንት ዕቃ አይታ እንቅልፍ አጥታለች። ፓሲቭ ኢኳላይዘር ይሉታል። ኢኳላይዘር የድምፅን ወፍራሙንና ቀጭኑን ለይቶ አንዱን ከፍ አንዱን ዝቅ የሚያደርግ መሣሪያ ነው፤ ኮምፒዩተሯም ውስጥ አለ። ይህኛው ግን መብራት አይበላም። መብራት ስለማይበላ መጨመር የሚባል ነገር አያውቅም፤ የሚያውቀው መቀነስ ብቻ ነው። ወፍራሙ ድምፅ ጎልቶ እንዲወጣ ከተፈለገ ሌላውን ሁሉ ዝቅ አድርጎ ወፍራሙን ይተወዋል። ከዚያ በኋላ በጥቅሉ የወረደውን በማጉያ መልሶ ማንሣት ነው። እህል ስናበጥር ፍሬ አንጨምርበትም፤ ገለባውን ነው የምናስወጣለት። ቻይነሽ ይህን ስታነብ የመጀመሪያው ዘፈን ለምን ቆርቆሮ እንደሆነባት ገባት። ስትጨምር ነበር የከረመችው!

የበለጠ ያስፈነደቃት ደግሞ የሣጥኑ የሆድ ዕቃ ነው። ጥቂት ካፓሲተር፣ ጥቂት ሬዚስተር፣ የቀረው ጥምጥም መዳብ!

«አባዬ!» ብላ ወደ ደጅ ሮጠች። «አባዬ፣ ጥምጥም ነው! ውስጡ ጥምጥም ነው!»

«ምኑ?» አሉ አቶ ታከለ እጃቸውን ከጆሯቸው ኋላ አድርገው።

«ዘፈን የሚያበጥረው!»

አቶ ታከለ ልጃቸውን ከላይ እስከ ታች አይተው «በይ ጠምጥሚው» አሏት። ምን እንደሆነ አልገባቸውም፤ መጠምጠም የሚችል ሰው ለምን እንደሚጮህም አልገባቸውም።

በሥራ ቀን ሱቁ በሞተር ይጨናነቃል፤ ስለዚህ ሣጥኑ የተሠራው በበዓል በበዓል ነው። ከአሮጌ ሬዲዮ ትራንስፎርመር ያወጣችውን ብረት እምብርት አድርጋ ቀጭኑን መዳብ ጠመጠመችበት። አንዱን ጥቅልል አባቷ በጣታቸው ዳብሰው «ፍችው» አሏት፤ እንባ እንባ እያላት ፈታችው፣ እንደገና ስትጠመጥመው «ጎሽ» አሉ። ማቀፊያውን ከዋንዛ እንጨት አሠራችው፤ እንዲያው ሲያዩት ያጠግባል። ከፊቱ መዘውሮች ደረደረችለት፤ ለወፍራሙ ድምፅ ሁለት አሉት፣ በአንዱ ላይ «ስጥ» በሌላው ላይ «ንፈግ» ብላ ጻፈች።

በሚካኤል ዕለት ካውያዋን አግላ የመጨረሻዋን ሽቦ በየደች። የሠርክአዲስን ዘፈን ከኮምፒዩተሩ አውጥታ በሣጥኑ ውስጥ አሳልፋ ለቀቀችው።

ጸጥ።

ያ ሁሉ ድካም! ጆሮዋን ስፒከሩ ላይ ስትለጥፍ ከሩቅ፣ ከጉድጓድ ውስጥ የመሰለ የትንኝ ድምፅ ሰማች። ያኔ ትዝ አላት፤ ይህ ሣጥን ሁሉንም ነው ዝቅ የሚያደርገው። ማጉያውን ቀስ እያለች ከፈተች። የሠርክአዲስ ድምፅ ከወለሉ ተነሥቶ፣ ሞልቶ፣ ክፍሉን ይዞት ቆመ! «ስጥ» የሚለውን ስታዞረው ድምፁ ወፈረ፤ ከመጠን አልፎ ጎርነን ሲል «ንፈግ» የሚለውን አብራ ብታዞረው ሥሩ እንዳለ ቀረና ከላዩ ያለው ድፍርስ ጠራ። የዘፋኟ ትንፋሽ ሳይቀር ተሰማ። ቻይነሽ ብቻዋን ክፍሉ ውስጥ እስክስታ ወረደች። ወደ ደጅ ወጥታ አባቷን ሳመቻቸው፣ መንገደኛ ሳይቀር ልትስም ምንም አልቀራት። ያን ቀን ብትጠይቋት ፍኖተ ሰላም ውስጥ ከሷ የበለጠ ደስተኛ ሰው አልነበረም።

የገበያው ቀን ደረሰ። ሠርክአዲስ ከገበዝ ማርያም በጅጋ በኩል መጥታ ሻንጣዋን አንጠልጥላ ገባች። የባሕር ዳሩ ሚኒባስ ሰው እስኪሞላ መናኸሪያ ቆሟል፤ ረዳቱ ሲነሡ በዚህ በር በኩል ሊጠራት ተስማምቷል። ቻይነሽ ከማለዳ ጀምሮ ክፍሏን ጠርጋ፣ ሣጥኑን ወልውላ፣ ሙሽራ እንደምታስገባ ሆና ትጠብቃለች።

«ተቀመጭ። ዐይንሽን ጨፍኝ» አለቻት። ለቀቀችው።

«እምምምምምም…»

ሠርክአዲስ ዐይኗን ገለጠች። «ይኼ ምንድን ነው? ንብ ነው?»

ዘፈኑ ነበር፤ ከሥሩ ግን ንብ እንደገባበት ቀፎ አንድ ነገር እምም ይላል። ያውም ሌላ ቦታ አይደለም፤ የሠርክአዲስ ድምፅ በሚያርፍበት በዚያው በወፍራሙ ቦታ ላይ። ቻይነሽ ገመዱን ነቀለች፣ ሰካች። ሌላ ገመድ ቀየረች። ሣጥኑን ከመስመሩ ስታወጣው ጩኸቱ ይጠፋል፤ ስታስገባው ይመለሳል። በሚካኤል ዕለት እኮ እንደ ምንጭ ውኃ የጠራ ነበር!

ከዚያ አንድ ነገር አስተዋለች። ጩኸቱ አንዴ ይከብዳል፣ አንዴ ይቀልላል። ከግድግዳው ማዶ ቁና ሙሉ እህል ወፍጮው አፍ ላይ ሲገለበጥ ይከብዳል፤ እህሉ ሲያልቅ ይቀልላል። ጠምጣሚ ናትና ወዲያው ገባት። የአቶ ገብረሰንበት ሞተር ነው! ሞተር ሲዞር በዙሪያው የሚረጨውን ማግኔት የሣጥኗ መዳብ በግድግዳ ውስጥ እየጠጣ ነው። ያንን ሞተር ደግሞ የጠመጠመችው ራሷ ናት። ሣጥኑን የሞከረችው ሁሌ በበዓል፣ ወፍጮው ሲያርፍ ስለሆነ፣ በሥራ ቀን እንዴት እንደሚሆን አንድም ቀን አልሰማችም። መብራት ይጥፋና ወፍጮው ይቁም ብላ እንዳትጸልይ፣ የሷም ኮምፒዩተር አብሮ ይጠፋል።

«ቆይኝ! እንዳትሄጅ!» ብላ በረረች።

ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ሰውና አህያ ተጨናንቋል። አቶ ገብረሰንበት ቅንድባቸው ዱቄት ለብሶ ወፍጮው አፍ ላይ ቆመዋል።

«ጋሼ ገብረሰንበት! እባክዎ፣ ለጥቂት ደቂቃ ያቁሙልኝ!»

«ምን?» ጮኹ።

«ወፍጮውን! ለዘፈን ነው!»

«በገበያ ቀን? ለዘፈን?» ሰልፉን በእጃቸው አሳዩዋት። «ልጄ፣ ተይ እንጅ። በዓል ቢሆን ሳትለምኝኝ ባቆምኩልሽ። ይኼ ሁሉ ሰው ቀን ሳለ አገሩ መግባት አለበት።»

ተራዋ የደረሰ ሴት፣ ዓባይነሽ የሚሏት፣ አለንጋዋን ብብቷ ውስጥ እንደያዘች ወደ ቻይነሽ ዞረች። «እኔኮ ከጅጋ ወዲያ ነው የመጣሁ። ዳጉሳየ ገና አሁን ነው አፉ ላይ የደረሰ። በሰፈራችን ወፍጮ እያለ እዚህ ድረስ የመጣሁት ሞተሩ ተቃጥሎ ነው። ጠምጣሚ ዘንድ ሄዷል አሉን፤ ጠምጣሚዋ ምን እንደነካት እንጃ፣ እስከ ዛሬ ይኸው የለም።»

የጅጋዎቹ ሞተር ሱቋ ውስጥ ጥግ ይዞ ተቀምጧል፤ ልቧ በሣጥኑ ተይዞ ገና አልነካችውም። «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» የሚሉት ይኸ ነው እንጂ ሌላ ምን አለ! ቻይነሽ አንገቷን ደፍታ ተመለሰች።

ሠርክአዲስ ሻንጣዋን አንሥታ ቆማ አገኘቻት።

«ግድ የለሽም፣ ቻይኔ» አለቻት፤ ልብ በሚሰብር ርኅራኄ ነው ያለቻት። «ደክመሻል። ዐየሁት።»

ከመንገዱ ማዶ የሚኒባሱ ረዳት «ባሕር ዳር! ባሕር ዳር!» ይላል። ዘፈኑ አልቆመም ነበር፤ ሠርክአዲስ በስፒከሩ ውስጥ ከነንቡ ትዘፍናለች። ቻይነሽ የዋንዛውን ሣጥን አየችው። ያ ሁሉ በዓል፣ ያ ሁሉ ጥምጥም! ንዴት ከእግር ጥፍሯ እስከ ራስ ፀጉሯ ነደደባት። ሄዳ በሁለት እጇ አፈፍ አደረገችው፤ ገመዱን ነቅላ ሳትሰብረው አትመለስም ነበር።

ገመዱ ሳይነቀል፣ ገና ከጠረጴዛው አንሥታ ዘንበል ስታደርገው ንቡ ጠፋ፤ ዘፈኑ ግን ቀጠለ።

ቻይነሽ ባለችበት ደርቃ ቀረች። ወፍጮው ይዞራል፤ ወለሉ ከእግሯ ሥር ይንቀጠቀጣል። ንቡ ግን የለም። ሣጥኑን ቀስ ብላ ወደነበረበት ስታስተኛው «እምምም» አለ። በጎኑ ስታቆመው ዝም አለ። አስተኛችው፤ እምምም። አቆመችው፤ ዝም! እግዜር ሳይደግስ አይጣላም!

«ሠርክአዲስ! ነይ! ያዥልኝ!»

«ምኑን?»

«ሣጥኑን! እንደያዝኩት ያዥው፤ ጭራሽ እንዳታስተኝው!»

ሠርክአዲስ ሻንጣዋን ጥላ ሣጥኑን እንደ ሕፃን ደረቷ ላይ ታቅፋ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ቻይነሽ ከፊቷ ተንበርክካ መዘውሮቹን ታዞራለች። ጽሑፉ ወደ ጎን ስለተኛ አንገቷን አጣማ ነው የምታነበው፤ «ስጥ» ከሥር ሆኗል፣ «ንፈግ» ከበላዩ ወጥቷል። ግድ የላትም፤ እጇ ያውቀዋል።

አቶ ታከለ ሩጫውን አይተው መጥተው በሩ ላይ ቆመዋል። መዳፋቸውን ስፒከሩ ላይ ጣል አደረጉ፤ ሣጥኑን አዩ፤ ግድግዳውን አዩ፤ ሣቁ።

«ጠምጣሚ ሆነሽ ረሳሽው?» አሏት። «ጥምጥምና ጥምጥም ፊት ለፊት ከተያዩ ይጠራራሉ። ጎንሽን ከሰጠሽው አይሰማሽም።»

«አባዬ፣ ምነው ቀድመው ቢነግሩኝ!»

«መች ጠየቅሽኝ?»

ቻይነሽ አልሰማቻቸውም፤ ዘፈኑን ከመጀመሪያው አስነሥታዋለች። ማሲንቆው ገባ። ከዚያ ድምፁ መጣ፤

«የቋሪት ደጋ ላይ ዝናብ ሲያካፋ፣
መንገዱን ሳይ ዋልኩኝ ዐይኔ እስኪጠፋ…»

ሠርክአዲስ በደረቷ ያቀፈችው ሣጥን ውስጥ የራሷ ደረት ሲዘፍን ሰማች። ምንም አልተጨመረበትም፤ ሠርግ ላይ አፏን ስትከፍት የሚወጣው ያው ድምፅ ነው፣ ከነውፍረቱ፣ ከነትንፋሹ።

«ይች እኔ ነኝ» አለች። «ቻይኔ፣ ይች እኔ ነኝ እኮ!»

ቻይነሽን ከዚህ በኋላ የሚይዛት አልተገኘም። ደስታ አቅሏን አሳታት። ከክፍሉ ፊት ባለው ሱቋ ውስጥ ለሠርግ የምታከራያቸው ሞንታርቦዎች ተደርድረዋል፤ ገመዱን ጎትታ ሰካችና ድምፁን ለቀቀችው። የቋሪት ደጋ፣ ዝናቡም፣ መንገዱም፣ በወፍጮው ጩኸት ላይ ወጥቶ ሰፈሩን አጥለቀለቀው። አህዮቹ ጆሯቸውን አቆሙ። አቶ ታከለ ሳይቀሩ፣ ስንት ዘመን ዘፈን ያልሰሙት ሰውዬ፣ እንዳጋጣሚ የሰሙት ይሁን በመዳፋቸው የመጣላቸው እንጃ፣ ትከሻቸውን ነቅነቅ አደረጉ።

ወዲያው ወፍጮው ቆመ።

ቻይነሽ ደነገጠች። ጠብ መጣ ብላ ወደ ደጅ ብቅ ስትል አቶ ገብረሰንበት ከነዱቄታቸው በሩ ላይ ቆመዋል።

«ጋሼ፣ ይቅርታ፣ አሁኑኑ እቀንሰዋለሁ! መቆሙ አያስፈልገኝም፤ ይፍጩ፣ ሣጥኑ ድኗል!»

«ዝም በይ» አሏት እጃቸውን አንሥተው። «ቅድም አቁምልኝ ስትይኝ ለሣጥንሽ ነበር። አሁን ያቆምኩት እኔ ልሰማ ብየ ነው። ቀጥይ።»

ግቢው ጭጭ አለ። በገበያ ቀን፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ፣ እንደ በዓል ጸጥ አለ። ድምፁ ብቻውን ሄደ። ሠርክአዲስ ከውስጥ፣ ከጆንያዎቹ መካከል ሣጥኗን ታቅፋ ተቀምጣለች፤ ከደጅ ማንም አያያትም። ያኔ ነው ከሰልፉ መካከል የዓባይነሽ ድምፅ የተሰማው።

«ኧረ ይች ሠርክአዲስ ናት! የኛዋ ሠርክአዲስ ናት እኮ! በወንድሜ ሠርግ ያስጨፈረችን!»

«ናት! እሷው ናት!» አሉ ሌሎቹም።

ሠርክአዲስ እንባዋን መጥረጊያ እጅ አልነበራትም፤ ሁለቱም እጇ ሣጥኑን ይዟል። እንባዋ በዋንዛው ላይ ወረደ። ረዳቱ በበሩ ብቅ ብሎ «ባሕር ዳር የምትሄጅው፣ ሞልቷል! እንሂድ!» አለ።

ቻይነሽ ጓደኛዋን አየች።

«ይሂድ» አለች ሠርክአዲስ፣ ሣጥኑን ጠበቅ አድርጋ እያቀፈች። «ከመጀመሪያው ድገሚልኝ።»